የወራት ጋሻ፦ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሕፃናትን እስከ መቼ ይጠብቃል?

በአማርኛችን «ጉንፋን» ሰፊ ቃል ነው። አፍንጫው ትንሽ የታፈነ ሕፃንም፣ ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ደርሶ ጡት አልይዝ ያለ ሕፃንም «ጉንፋን ይዞታል» ይባላል። ሳይንሱ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። ቀለል ያለው ጉንፋን ራይኖቫይረስን በመሳሰሉ እጅግ በርካታ የቫይረስ ዓይነቶች የሚመጣ ሲሆን፣ ኢንፍሉዌንዛ ግን የራሱ ቫይረስ፣ የራሱ ታሪክና የራሱ አደጋ ያለው በሽታ ነው።

የዚህ በሽታ ጥላ በአገራችን ትዝታ ላይም አርፏል። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። በአገራችን በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ ስለበረታ «የኅዳር በሽታ» የሚል ስም ወጣለት። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ሳይቀሩ በጠና ታመው ድነዋል። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል የምናየው «ኅዳር ሲታጠን» የተሰኘው ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በዚያን ዘመን የበሽታውን መንስኤ የሚያውቅ አልነበረም። ቫይረሱ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሪውስና ፓትሪክ ሌይድሎ በተባሉ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ነው።

ኢንፍሉዌንዛ ዛሬም ያለፈ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የታተመ ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2018 ብቻ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ የዓለም ሕፃናት ላይ 109.5 ሚሊዮን ገደማ የኢንፍሉዌንዛ ሕመም ደርሷል። በዚያው ዓመት ቫይረሱ በሳንባና በታችኛው የመተንፈሻ አካል ላይ ባስከተለው ጉዳት እስከ 34,800 የሚደርሱ ሕፃናት ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ለዚህ በሽታ ክትባት አለ። ይሁን እንጂ ከሌሎቹ ክትባቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። የኩፍኝ ክትባቱን በተወሰነው ዕድሜ ያሟላ ሕፃን ለዐሥርተ ዓመታት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን የሚዘልቅ ጥበቃ ሲያገኝ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በየዓመቱ ይደገማል። ለምን? ዛሬ የተከተበ ሕፃን ከሁለት ወር በኋላ ምን ያህል የተጠበቀ ነው? ከስምንት ወር በኋላስ? በዚህ ጽሑፍ መልሱን ደረጃ በደረጃ እንመረምራለን።

መልኩን የሚለዋውጥ ባላንጣ

የመጀመሪያው ምክንያት ያለው በራሱ በቫይረሱ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ወረርሽኝ የሚያስከትሉት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች ኤ እና ቢ የተባሉት ናቸው። የዘረመል መልእክታቸው በስምንት ቁርጥራጭ አርኤንኤ ላይ የተጻፈ ነው። በገጻቸው ላይ ሁለት ዋና ዋና ፕሮቲኖች እንደ እሾህ ቆመው ይታያሉ፤ ሂማግሉቲኒን ቫይረሱን ወደ ሕዋስ ያስገባዋል፤ ኒውራሚኒዴዝ ደግሞ አዲስ የተባዙትን ቫይረሶች ከሕዋሱ ያላቅቃቸዋል። ኤች1ኤን1 እና ኤች3ኤን2 የሚሉት ስያሜዎች የተወሰዱት ከእነዚህ ፕሮቲኖች ስም ነው።

አንድ ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ ከጎኑ አራሚ ባይኖር ምን እንደሚሆን እናስብ። በእያንዳንዱ ቅጂ ጥቂት ፊደላት ይሳሳታሉ፤ ከቅጂው ሌላ ቅጂ ሲወጣ ስሕተቱ ይደራረባል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም የዘረመል መልእክቱን ሲገለብጥ ስሕተት የሚያርም መሣሪያ የለውም። ከስሕተቶቹ አብዛኞቹ ቫይረሱን የሚጎዱ ወይም የማይጠቅሙት ናቸው። አንዳንዶቹ ግን የሂማግሉቲኒንን መልክ በጥቂቱ ስለሚለውጡ፣ የሰውነታችን መከላከያ ትናንት የሚያውቀውን ጠላት ዛሬ ለመለየት ይቸገራል።

ይህ እውነት ክትባቱ ገና በልጅነቱ ሳለ በግልጽ ታይቷል። የመጀመሪያው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአሜሪካ ለሕዝብ አገልግሎት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1947፣ ክትባቱን የወሰዱ ሰዎች እንዳልተከተቡት ሁሉ ታመሙ፤ ቫይረሱ ተለውጦ ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት መረብ ያቋቋመውም ይህን ለውጥ በዓለም ዙሪያ ለመከታተል ነው። ዛሬ ድርጅቱ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በመስከረም ደግሞ ለደቡቡ፣ በክትባቱ ውስጥ የሚገቡትን ዝርያዎች ይመክራል። ክትባቱን ማምረት ስድስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ምርጫው ከወቅቱ ቀድሞ የሚደረግ ግምት ነው፤ በእነዚያ ወራት ቫይረሱ ቆሞ አይጠብቅም።

በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ ምን ይከናወናል?

ሁለተኛው ምክንያት በእኛው ሰውነት ውስጥ ይገኛል። ክትባቱ በተወጋ በቀናት ውስጥ ቢ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ተቀስቅሰው ይራባሉ፤ አንቲቦዲ የሚባሉ ፀረ እንግዳ አካላትንም ያመርታሉ። በደም ውስጥ ያለው የፀረ እንግዳ አካላት መጠን በሳምንታት ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መቀነስ ይጀምራል። በደማችን በብዛት የሚገኘው የአንቲቦዲ ዓይነት በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ መጠኑ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ጥበቃው እንዲዘልቅ አምራች ሕዋሳቱ በመቅኔ ውስጥ ሰፍረው ሥራቸውን ሳያቋርጡ መቀጠል አለባቸው።

የኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ ተመልክቷል። ፈቃደኛ ከሆኑ አዋቂዎች መቅኔ ከክትባቱ በፊትና በኋላ ናሙና ወስደው ሲመረምሩ፣ ክትባቱ የፈጠራቸው አምራች ሕዋሳት በአንድ ወር ውስጥ መቅኔው ውስጥ ገብተው አገኟቸው። ዓመት ሲሞላ ግን አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ ጥበቃው ለምን እንደሚሳሳ ፍንጭ ይሰጣል።

እዚህ ላይ «ሰውነት ያለፈውን ጠላት የሚያስታውሱ ሕዋሳት አሉት ተብሎ ተምረን የለምን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ትክክል ነው፤ አሉት። ልዩነቱ በጊዜ ላይ ነው። የኩፍኝ ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት ዐሥር ቀናት ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ የትውስታ ሕዋሳት ተቀስቅሰው ፀረ እንግዳ አካላትን ለማምረት ፋታ ያገኛሉ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ግን ሁለት ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ሕመሙ ገና ከመነሻው እንዲገታ፣ ቫይረሱ ሲደርስ በቂ ፀረ እንግዳ አካላት አስቀድመው ተዘጋጅተው መጠበቅ ይኖርባቸዋል። የትውስታ ሕዋሳቱ ዘግይተው ቢደርሱም ሥራቸው ከንቱ አይደለም፤ ሕመሙ እንዳይከፋ ያግዛሉ።

በሕፃናት ዘንድ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዋቂ ሰው ከኢንፍሉዌንዛ ጋር በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ተገናኝቷል፤ ክትባቱ ለእርሱ ማስታወሻ ነው። ለአንድ ዓመት ሕፃን ግን ክትባቱ የመጀመሪያው ትምህርት ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት በአሜሪካ ከስድስት ወር እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተቡ፣ ቢያንስ አራት ሳምንት ተራርቀው የሚሰጡ ሁለት ክትባቶች እንዲወስዱ ይመከራል። የመጀመሪያው ያስተዋውቃል፤ ሁለተኛው ያጠነክራል። አንዱን ብቻ ወስዶ የቀረ ሕፃን ሙሉ ጥበቃ አገኘ ለማለት ያስቸግራል።

«60 በመቶ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የክትባትን ኃይል የሚገልጹ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነበባሉ። አንድ ክትባት «60 በመቶ ይከላከላል» ሲባል፣ ከተከተቡት መቶ ሕፃናት አርባዎቹ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ካልተከተቡ መቶ ሕፃናት መካከል በአንድ ወቅት 20ዎቹ በኢንፍሉዌንዛ የሚያዙ ቢሆን፣ 60 በመቶ የሚከላከል ክትባት ይህን ቁጥር ወደ 8 ያወርደዋል። ቁጥሩ የሚለካው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ቁጥሩ ከዓመት ዓመት መለዋወጡ ነው። በፒትስበርግ ከተማ ከ6 እስከ 24 ወር ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ ማለትም በ1999–2000 ወቅት፣ ክትባቱ 66 በመቶ ተከላከለ። በሁለተኛው ዓመት ግን በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል የረባ ልዩነት አልታየም። ክትባቱ ከሽፎ ይሆን? በዚያ ዓመት ቫይረሱ ራሱ በከተማው ብርቅ ነበር፤ ካልተከተቡትም ውስጥ የተያዙት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ዝናብ ባልጣለበት ክረምት ጃንጥላን መመዘን አይቻልም።

በአፍንጫ የሚረጨው ሕያው ክትባት ታሪክም እንዲሁ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ይህ ክትባት ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ከመርፌው በተሻለ ሁኔታ፣ የሕመሙን ብዛት በ55 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በአሜሪካ የተሰበሰቡ መረጃዎች ክትባቱ በተለይ በኤች1ኤን1 ላይ እንደደከመ አመለከቱ፤ በ2016 እንዳይሰጥ ተመከረ፤ በውስጡ ያለው ዝርያ ከተተካ በኋላ በ2018 እንደገና ተፈቀደ። አንድ ጊዜ የተገኘ ጥሩ ውጤት ለዘለዓለም የሚያገለግል ማስረጃ አይደለም፤ በየዓመቱ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ከሆንግ ኮንግ ሆስፒታሎች የተገኘ መልስ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ፤ ጥበቃው በአንድ ዓመት ውስጥ በየወሩ እንዴት ይቀንሳል? ለዚህ ጥያቄ ሆንግ ኮንግ ምቹ ስፍራ ናት። በቀዝቃዛ አገሮች ኢንፍሉዌንዛ በክረምት መጥቶ በጸደይ ይጠፋል፤ በሆንግ ኮንግ ግን በጥር አካባቢ ከሚጀምረው ወረርሽኝ ሌላ፣ በብዙ ዓመታት በሞቃቱ ወቅትም ሁለተኛ ወረርሽኝ ይነሣል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ የተከተበ ሕፃን ቫይረሱን ከሁለት ወር በኋላም ከስምንት ወር በኋላም ሊያገኘው ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2012 እስከ ነሐሴ 2017 ባሉት አምስት ዓመታት በመተንፈሻ አካል ሕመም ሆስፒታል የገቡ 15,695 ልጆች በጥናቱ ተካተቱ። ሁሉም ለኢንፍሉዌንዛ ተመረመሩ። በ2,500ዎቹ ላይ ቫይረሱ ተገኘ፤ በ13,195ቱ ላይ አልተገኘም። ቫይረሱ ከተገኘባቸው ውስጥ የተከተቡት 159 ሲሆኑ፣ ካልተገኘባቸው ውስጥ የተከተቡት 1,445 ነበሩ።

ተማሪ አንባቢያን ስሌቱን ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ቫይረሱ ከተገኘባቸው 159 ተከትበው 2,341 አልተከተቡም፤ 159 ለ2,341 ሲካፈል 0.068 ይሆናል። ቫይረሱ ካልተገኘባቸው 1,445 ተከትበው 11,750 አልተከተቡም፤ ሲካፈል 0.123 ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 0.55 እናገኛለን። ይህን ከ1 ስንቀንስ 0.45 ይቀራል፤ ማለትም በጥሬው ሲሰላ ክትባቱ ሆስፒታል የመግባትን ዕድል በ45 በመቶ ገደማ ቀንሷል። የዚህ ስልት ብልኃት ያለው በንጽጽሩ ነው። ሁለቱም ወገኖች ታመው ወላጆቻቸው ወደ ሆስፒታል ያመጧቸው ልጆች ስለሆኑ፣ «የተከተቡት ልጆች ወላጆቻቸው ይበልጥ ስለሚጠነቀቁ ነው» የሚለው ጥርጣሬ በእጅጉ ይቀንሳል።

ይህ ግን ሁሉንም ወራት የቀላቀለ ጥሬ ቁጥር ነው። ተመራማሪዎቹ እንደ ዕድሜ ያሉትን ልዩነቶች ካስተካከሉና ከክትባቱ በኋላ ያለፈውን ጊዜ ከከፋፈሉ በኋላ ያገኙት ውጤት የሚከተለው ነው። ክትባቱ በተሰጠ ከግማሽ ወር እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ጥበቃው 79 በመቶ ነበር። ከሁለት እስከ አራት ወር 60 በመቶ፣ ከአራት እስከ ስድስት ወር 57 በመቶ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ደግሞ 45 በመቶ ሆነ። እንደ ቫይረሱ ዓይነት በየወሩ ከ2 እስከ 5 ነጥብ ይቀንስ ነበር።

ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ

ከዚህ ውጤት ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ጥበቃው በርግጥ ይሳሳል። ሁለተኛ፣ ወደ ዜሮ አይወርድም፤ ከግማሽ ዓመት በኋላም ለሕፃኑ የሚረባ ነገር ይቀረዋል።

ሆኖም አስተዋይ አንባቢ «የቀነሰው በርግጥ የሰውነት መከላከያው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ሌሎች ምክንያቶችም አሉና። ቫይረሱ በወቅቱ መካከል ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ከዚህም የረቀቀ ሌላ ምክንያት አለ፤ ወረርሽኙ ሲገፋ ካልተከተቡት ልጆች ብዙዎቹ ታመው ይድኑና በሕመሙ የተነሣ የራሳቸውን መከላከያ ያገኛሉ። በወቅቱ ማብቂያ ላይ ሁለቱን ቡድኖች ስናነጻጽር፣ «ያልተከተቡ» የምንላቸው ልጆች እንደ መጀመሪያው ጊዜ የተጋለጡ አይደሉም። በዚህም የተነሣ የክትባቱ ጥቅም ከእውነተኛው ይልቅ ያነሰ ሆኖ ሊታይ ይችላል። መቅኔው ውስጥ የታየው ለውጥ ግን መሳሳቱ የስሌት ጥላ ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው የሕመሙ ክብደት ነው። ክትባቱ ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ባይከለክልም እንኳ ሞትን በመከላከል ረገድ ያለው ውጤት ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 በአሜሪካ በኢንፍሉዌንዛ የሞቱ ልጆችን የመረመረ ጥናት፣ ክትባቱ የሞትን አደጋ በ65 በመቶ እንደቀነሰ ገምቷል። የክትባት ታሪካቸው ከታወቀው ሟች ልጆች የተከተቡት ከአራት አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለወላጅ ከአፍንጫ ፈሳሽና ከሁለት ቀን ትኩሳት ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው።

ስድስት ወር ያልሞላው ጨቅላ

ኢንፍሉዌንዛ ከሚበረታባቸው መካከል ስድስት ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ይገኛሉ፤ ክትባቱ ግን ከስድስት ወር በታች አይሰጥም። ለእነርሱ ያለው መንገድ በእናት በኩል ነው። ነፍሰ ጡር እናት ስትከተብ ፀረ እንግዳ አካላቷ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋሉ።

በደቡብ አፍሪካ በተደረገውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት፣ ኤች አይ ቪ የሌለባቸው እናቶች በእርግዝና ጊዜ መከተባቸው በልጆቻቸው ላይ የሚደርሰውን ኢንፍሉዌንዛ በ49 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቡድኑ ቁጥሩን በዕድሜ ከፋፍሎ በ2016 ሲያሳትም ደግሞ የጊዜ ጉዳይ እንደገና ብቅ አለ። በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ጥበቃው 85.6 በመቶ ነበር፤ ከ8 እስከ 16 ሳምንት ወደ 25.5 በመቶ ወረደ። ሕፃኑ ከእናቱ የተቀበለው ስንቅ እንጂ ራሱ የሚያመርተው አይደለምና ቶሎ ያልቃል። ቢሆንም የሚጠብቀው ሕፃኑ እጅግ ደካማ በሆነበት ጊዜ ነው።

ለአገራችን ምን ይነግረናል?

በዋሽንግተን ወይም በሌላ የሰሜን ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ መጸው ሲገባ ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡ ከሐኪም ቤት ማሳሰቢያ ይደርሳቸዋል። ለእነርሱ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ወረርሽኙ በክረምት ስለሚመጣ ከዚያ በፊት በመስከረምና በጥቅምት መከተብ ጥበቃው ገና ትኩስ ሳለ ወቅቱን ለማለፍ ያስችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብና ሁለት ክትባት የሚያስፈልገው ሕፃን ግን ቀደም ብሎ መጀመር ይገባዋል።

በኢትዮጵያ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሕፃናት መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አልተካተተም። ለማካተት ቢታሰብ ከዋጋው ባሻገር የሚነሡት ጥያቄዎች ከላይ ያየናቸው ናቸው። በሐሩር ክልል በሚገኙ አገሮች ቫይረሱ በአንድ አጭር ወቅት ሳይወሰን ዓመቱን ሙሉ ሊዘዋወር ይችላል። እንዲህ ባለ ስፍራ 79 በመቶ የሚለው የመጀመሪያ ወራት ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ ከስድስት ወር በኋላ ያለው 45 በመቶም ከስሌት መግባት አለበት። ክትባቱ በየዓመቱ መደገም ያለበት በመሆኑም የሚጠይቀው ገንዘብና የሰው ኃይል እንደ ኩፍኝ ክትባት በሕፃንነት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በሌላ በኩል ነፍሰ ጡር እናቶች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚወስዱበት አሠራር በጤና ተቋሞቻችን አስቀድሞ ስላለ፣ በእናት በኩል ጨቅላን የመጠበቁ መንገድ ከባዶ የሚጀመር አይሆንም።

እዚህ ላይ ለመወሰን ቫይረሱ በየትኛው ወር እንደሚበረታ፣ የትኛው ዝርያ እንደሚበዛ በአገር ውስጥ መረጃ ማወቅ ግድ ይላል። በአገራችን ከተመረጡ የጤና ተቋማት ናሙና እየተሰበሰበ የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት መካሄድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከአንድ የታመመ ሕፃን አፍንጫ በጥጥ የሚወሰደው ናሙና ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ክትባት በየትኛው ወር ለማን ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እንዲህ ያሉ ናሙናዎች ለዓመታት ሲጠራቀሙ ነው።

ተመራማሪዎች ከዚህ የሚሻል ጋሻም እየፈለጉ ነው። ከሂማግሉቲኒን ተለዋዋጭ ራስ ይልቅ ብዙ የማይለወጠውን ግንዱን ዒላማ ያደረጉ ክትባቶች በሙከራ ላይ ይገኛሉ። ዓላማቸው የቫይረሱን መለዋወጥ የሚቋቋምና ለዓመታት የሚቆይ ጥበቃ ማግኘት ነው። እስከዚያው ድረስ ግን ያለን ጋሻ የወራት ጋሻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠነከረ፣ ቀስ በቀስ የሚሳሳ፣ ሲሳሳም ከሞት የሚያድን። የቀድሞዎቹ አባቶቻችንና እናቶቻችን በኅዳር ከጭስ በቀር የሚመክቱበት አልነበራቸውም። እኛ የክትባቱን ኃይልና የዕድሜውን ልክ በቁጥር ለይተን ማወቅ ችለናል፤ የሚቀረው ያወቅነውን በሚያስፈልገው ወር፣ ለሚያስፈልገው ሕፃን ማድረስ ነው።